ብቻውን የመጣ ልጅ በየትኛው መንገድ ወደ ቤትዎ ይግባ? በእንግሊዝ ካውንስሎች በኩል ያሉ ስድስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

«ትርፍ ክፍል አለኝ፤ ልጁም ቋንቋዬን ይናገራል፤ እኔው ልውሰደው» የሚል ሰው እንግሊዝ ውስጥ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መካከል አይጠፋም። ሐሳቡ ቀና ነው። ነገር ግን አንድን ስደተኛ ልጅ ቤት ማስገባት በሕግ ፊት ስድስት ያህል መልክ አለው። በአንደኛው መንገድ የገባ ልጅ እስከ 25 ዓመቱ የካውንስል ድጋፍ ይከተለዋል። በሌላው የገባው ደግሞ 18 በሞላው ማግስት ጠያቂ ላይኖረው ይችላል። ቤቱም፣ እንጀራውም፣ የተነጠፈለት አልጋም ያው ሆነው ሳለ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ምርጫ ከፊቱ ላስቀመጠ ቤተሰብ ነው። የሚመለከተው እንግሊዝን ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ልጁ የማን ኃላፊነት ነው?

ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይኖረው የገባ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥገኝነቱን የሚወስንለት ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ነው። የሚያሳድረው፣ ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ግን የአካባቢው ካውንስል ነው። መሠረቱ የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 20 ነው፤ ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው ለሌለው ልጅ ካውንስሉ መጠለያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ልጁም ከዚያ ጀምሮ «በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ያለ ልጅ» ይባላል። በማርች 2024 መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ጥበቃ ሥር የነበሩት ብቻቸውን የመጡ ልጆች 7,380 ነበሩ። አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ፣ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ይበዛሉ።

ስደተኞችን የሚያመጡት ጀልባዎች የሚደርሱት ኬንት ዳርቻ ስለሆነ ሸክሙ ለዓመታት በአንድ ካውንስል ትከሻ ላይ ወድቆ ቆየ። የኬንት ካውንስል በኦገስት 2020፣ ደግሞም በጁን 2021 አዲስ ልጆች መቀበል አቆመ። ልጆቹን ለየካውንስሎቹ ለማከፋፈል በ2016 በፈቃደኝነት የተጀመረው ሥርዓት በ2021 መጨረሻ ላይ ግዴታ ሆነ። ከ2022 ወዲህ አንድ ካውንስል እንዲይዝ የሚጠበቅበት ጣሪያ በግዛቱ ካሉት ልጆች 0.1 በመቶ ነው፤ 50,000 ልጆች ያሉበት አካባቢ 50 ስደተኛ ልጆች ድረስ ይመደቡለታል እንደማለት ነው። በመካከሉ፣ ከ2021 እስከ 2024 መጀመሪያ፣ ሆም ኦፊስ ልጆቹን በሆቴል ያሳድር ነበር። በጃንዋሪ 2023 ከእነዚያ ሆቴሎች ወጥተው የደረሱበት ያልታወቀ ልጆች 200 መሆናቸው ለፓርላማ ተነገረ። በዚያው ዓመት ጁላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሆቴልን የዘወትር ማደሪያ ማድረግ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ፤ ኬንትም ልጆቹን አልቀበልም ማለቱ ሕግ መጣስ መሆኑን ጨምሮ።

ይህ ታሪክ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ክሮይደን ተቀምጠው በዓይነ ሕሊናዎ ያዩት ልጅ ከሳምንት በኋላ ለሌላ ከተማ ካውንስል ሊመደብ ይችላል። ስለዚህ «ይህን ልጅ» ብሎ ከመነሳት በሚኖሩበት ካውንስል ተመዝግቦ መጠበቅ ይሻላል፤ ዘመድ ከሆኑ ነገሩ ይለያል፣ ከታች እንመለስበታለን። ሁለተኛው የገንዘብ ወሬ ነው። ሆም ኦፊስ ለካውንስሎች በአንድ ልጅ በአንድ ሌሊት 143 ፓውንድ፣ ከተወሰነ መጠን ያነሰ ለያዙት ደግሞ 114 ፓውንድ ሲከፍል ቆይቷል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ቤተሰቡ በሳምንት 1,001 ፓውንድ ያገኛል» ሆኖ ይደርሳል። ገንዘቡ የካውንስሉ ነው፤ የማኅበራዊ ሠራተኛው ደመወዝ፣ አስተርጓሚው፣ የዕድሜ ግምገማውና ማደሪያው ሁሉ ከዚያ ላይ ይወጣል።

## በምን እንመዝናቸው?

ብዙ ሰው በክፍያ ይጀምራል። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ መንገድ ከገባ ልጁ በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ይቆያል ወይስ ይወጣል?

ይህን የማስቀድመው ስለ 13 ሳምንት ነው። ከ14 ዓመቱ ወዲህ በድምሩ ቢያንስ 13 ሳምንት በካውንስሉ ጥበቃ ሥር የነበረ፣ 16 ከሞላው በኋላም በዚያው ጥበቃ ሥር የተገኘ ልጅ ከ18 በኋላ ሙሉ መብት አለው። የግል አማካሪ ይመደብለታል፤ የወደፊት ዕቅዱ በጽሑፍ ይዘጋጃል፤ እስከ 25 ዓመቱ ምክርና ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። 13 ሳምንቱን ያልሞላ የሚያገኘው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። 17 ዓመት ከአሥር ወር ሆኖት የገባ ልጅ ቀኑን ቢቆጥረው እንኳ አይሞላለትም። 17 ዓመት ከስምንት ወር የሆነው ደግሞ ካውንስሉ አምስት ሳምንት ከዘገየበት፣ ወይም አንድ ደግ ሰው «ለጊዜው እኔ ጋ ይሁን» ብሎ ከወሰደው፣ ያጣዋል።

የቀሩት መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው፦ የልጁ ዕድሜ (16 ዓመት ትልቁ መስመር ነው)፣ ከጀርባዎ የሚቆም ባለሙያ መኖር አለመኖሩ፣ ክፍያውና ግብሩ፣ ለመጽደቅ የሚፈጀው ጊዜ ከሥራዎ ጋር መግጠሙ፣ እና 18 ሲሞላው በቤትዎ መቆየት መቻሉ።

## 1. በካውንስሉ የጸደቀ የአደራ ቤተሰብ

ካውንስሎች ፎስተር የሚሉት ይህ ነው። ጉዲፈቻ አይደለም፤ ልጁ የእናት የአባቱ ልጅ ሆኖ ይቀራል፣ የወላጅነት ሥልጣኑም ከእነርሱ ጋር ነው። እርስዎ የሚይዙት የዕለት ተዕለት አደራውን ነው።

ከማመልከቻ እስከ ፈቃድ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሲጓተት ከዚያም ያልፋል። በቤት ያሉ አዋቂዎች ሁሉ የወንጀል መዝገብ ይጣራል፣ የጤና ምርመራ ይታያል፣ ምስክሮች ይጠየቃሉ፣ ሥልጠና ይሰጣል። በመጨረሻም ጉዳዩ ማመልከቻዎችን ለሚመረምር ቡድን (ፓነል) ይቀርባል። የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ስለ ልጅነትዎ፣ ስለ ትዳርዎ፣ አባትዎ እንዴት ይቀጡ እንደነበር ሁሉ ትጠይቃለች። ገመናን ለባዕድ መንገር ለኛ ሰው ከባድ ነው፤ ብዙዎች መሀል ላይ የሚተዉትም እዚህ ጋ ነው። ለመሸሸግ መሞከር ግን ከተነገረው ነገር የበለጠ ያስጠረጥራል። የራስ ቤትም ሆነ የብሪታንያ ዜግነት አይጠየቅም፤ የመኖሪያ ፈቃድና ለልጁ የሚሆን ክፍል ካለዎት ተከራይም መሆን፣ ያላገባም መሆን ይቻላል።

ከጀርባዎ የሚቆመው ሰው ብዛት የዚህ መንገድ ትልቁ ሀብት ነው። ለእርስዎ የተመደበ አንድ የማኅበራዊ ሠራተኛ አለ፤ ለልጁ ሌላ አለ። የልጁን እንክብካቤ የሚከታተል ገለልተኛ ገምጋሚ በመጀመሪያዎቹ 20 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ቀጥሎ በሦስት ወር፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ስብሰባ ይጠራል። በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ያሉ ልጆችን ትምህርት የሚከታተል ኃላፊም በየካውንስሉ አለ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሳያገኝ ሳምንታት ከቆጠረ የሚጮኹት ወደ እርሱ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው ዝቅተኛ አበል አለ። መጠኑ በልጁ ዕድሜና በአካባቢው ይለያያል፤ ለንደን ከፍ ይላል። ብዙ ካውንስሎች ለአሳዳጊው የሙያ ክፍያ ይጨምሩበታል። ግብሩ ቀላል ነው፦ በ2023/24 የግብር ዓመት አንድ ቤተሰብ 18,140 ፓውንድ፣ በዚያ ላይ ዕድሜው 11 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ በሳምንት 450 ፓውንድ ከግብር ነጻ ነበር። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ለያዘ ቤት ይህ 41,540 ፓውንድ ይሆናል። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይስተካከላል። አበሉ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ለሚከፈለው የመንግሥት ድጎማ) እንደ ገቢ አይቆጠርም።

ከ18 በኋላስ? የ2014ቱ ሕግ በአደራ ቤተሰብ የነበረ ወጣት እርሱም አሳዳጊውም ከፈለጉ እስከ 21 ዓመቱ በዚያው ቤት እንዲቆይ ካውንስሉ መደገፍ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ረገድ የአደራ ቤተሰብነትን የሚስተካከል ሌላ መንገድ የለም።

## 2. በኤጀንሲ በኩል የአደራ ቤተሰብ መሆን

ሕጉ፣ ምርመራውና የልጁ መብት ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ያጸደቀዎት አካል በኦፍስቴድ (የትምህርትና የሕፃናት አገልግሎት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የተመዘገበ የግል ድርጅት ወይም የበጎ አድራጎት ተቋም መሆኑ ነው። ኤጀንሲዎች ብዙውን ጊዜ የተሻለ ክፍያና በሌሊትም የሚመለስ ስልክ አላቸው። በሌላ በኩል ካውንስሉ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደውለው ለራሱ ቤተሰቦች ስለሆነ፣ ክፍሉ ለወራት ባዶ ሊቆይ ይችላል። በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ መጽደቅ አይቻልም። ኤጀንሲ ከመረጡ ስለ ክፍያው ከመጠየቅዎ በፊት ባለፈው ዓመት ስንት ብቻቸውን የመጡ ስደተኛ ልጆችን እንዳስቀመጠ ይጠይቁ።

## 3. ዘመድ ወይም የቅርብ ሰው

ልጁ ዶቨር ላይ ሲጠየቅ «አጎቴ ለንደን አለ» ይላል። ስልክ ይደወላል። አጎት በደስታ እያለቀሰ «አሁኑኑ መጥቼ እወስደዋለሁ» ይላል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ሁለት መንገድ አለው፤ ልዩነቱን ደግሞ አብዛኛው አጎት አያውቀውም።

በመጀመሪያው መንገድ ካውንስሉ ልጁን በአንቀጽ 20 ይቀበልና አጎትየውን «ከልጁ ጋር ግንኙነት ያለው ሰው» አድርጎ በአደራ አሳዳጊነት ያጸድቀዋል። ሙሉ ምርመራው ስድስት ወር መጠበቅ የለበትም፤ ለ16 ሳምንት ጊዜያዊ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፣ ካስፈለገም ስምንት ሳምንት ይራዘማል። አጎትየው አበል ያገኛል፤ በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤት ታወር ሃምሌትስ ካውንስል ለዘመድ አሳዳጊ ዘመድ በመሆኑ ብቻ አሳንሶ መክፈል እንደማይችል ወስኗል። ልጁም በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ይቆያል።

በሁለተኛው መንገድ ካውንስሉ «የሥጋ ዘመድ ወስዶታል፤ ብቻውን አይደለም» ይልና ፋይሉን ይዘጋል፤ ወይም በዚያው ሕግ አንቀጽ 17 መሠረት አልፎ አልፎ ጥቂት ይረዳል። አበል የለም፣ ገምጋሚ የለም፣ 13 ሳምንቱም አይቆጠርም። አጎትየው ምናልባት ደስ ብሎት ይሆናል፤ ካውንስል ቤቱ አልገባም፣ ማንም አልመረመረውም። ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው፤ የሚከፍለውም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የትኛው እንደተፈጸመ የሚታወቀው በወረቀት ነው። ካውንስሉ ራሱ ደውሎ፣ ራሱ አመቻችቶ፣ ልጁን በመኪና አምጥቶ ካስረከበዎት በኋላ «ይህ የቤተሰብ የግል ስምምነት ነው» ማለት አይችልም። በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤት በሳውዝዋርክ ካውንስል ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ይኸው ነው። ስለዚህ ልጁን ከመረከብዎ በፊት «ልጁን የምቀበለው በየትኛው አንቀጽ ነው? በአንቀጽ 20 መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ» ይበሉ። ካስረከቡዎትም በኋላ ቢሆን አልረፈደም፤ የሕፃናት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኛ ዘንድ የአባት ወንድም ልጅም፣ የአንድ ሰፈር ሰውም፣ የእናት ጓደኛም «አጎት» ይባላል። የእንግሊዝ ሕግ የቅርብ ዘመድ የሚላቸው አያትን፣ ወንድምና እህትን፣ አጎትና አክስትን፣ እንዲሁም እንጀራ ወላጅን ነው። የአጎት ልጅ በዚህ ውስጥ የለም። ለማሳመር ብሎ «አጎቱ ነኝ» ማለት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ዝምድናው በዲ ኤን ኤ ሊጣራ ይችላል። ሐሰቱ ሲወጣ ልጁን የሚያዘዋውሩ ሰዎች ግብረ አበር ተብሎ መጠርጠር አለ፤ የልጁም የጥገኝነት ቃል ተአማኒነቱን ያጣል። «የእናቱ ጎረቤት ነበርኩ፤ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ» ማለት እውነት ከሆነ በቂ ነው፤ ከልጁ ጋር ግንኙነት ያለው ሰው ለመባል ሥጋ ዘመድ መሆን ግድ አይደለም።

## 4. አስተናጋጅ ቤት፣ ለ16 እና ለ17

ካውንስሎች ሳፖርትድ ሎጂንግስ ብለው የሚያስተዋውቁት ነው። ወጣቱ በቤትዎ የራሱ ክፍል ይኖረዋል፤ እርስዎ ምግብ ማብሰል፣ ገንዘብ መያዝ፣ ቀጠሮ ማክበር ያስተምሩታል። ከአደራ ቤተሰብ የሚለየው ሕጉ ከእርስዎ የሚጠብቀው ድጋፍ እንጂ ሙሉ አሳዳጊነት ባለመሆኑ ነው። የቀን ሥራ ላለው ሰው ይመቻል፤ ማጣሪያውም አጠር ይላል። ልጁ በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ይቆያል። አዘጋጁ አካል ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በኦፍስቴድ መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ በእንዲህ ዓይነት ቤት ሊቀመጥ አይችልም።

ድክመቱ ሁለት ነው። ክፍያው ከካውንስል ካውንስል በጣም ይለያያል። ከ18 በኋላ እስከ 21 የመቆየት ሕጋዊ ዋስትናውም ለአደራ ቤተሰብ ልጆች እንጂ ለአስተናጋጅ ቤት ልጆች አልተጻፈም፤ መቆየት የሚችለው ካውንስሉ ከተስማማ ነው። ቢሆንም ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ ሌላው ዕድሉ ምን እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሌላው ዕድል ከማያውቃቸው ወጣቶች ጋር የሚጋራው ቤት፣ ደጋፊ ሠራተኛም በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ የሚመጣበት ነው። ሦስት አገር አቋርጦ የመጣ ልጅ «ራሱን የቻለ ነው» ይባላል። በረሃ መሻገር ማወቅ የማሞቂያ ሒሳብ መክፈል ማወቅ አይደለም፤ ሌሊት በቅዠት ሲነሳ በሚቀጥለው ክፍል አዋቂ መኖሩንም አይተካም።

## 5. የግል ስምምነት

ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወላጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ ካልሆነ ሰው ጋር 28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚኖር ከሆነ፣ ሕጉ የግል አደራ ይለዋል። ለካውንስሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ልጁ ቀድሞ ከገባ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ። አለማሳወቅ ወንጀል ነው። ካውንስሉ ልጁን መጎብኘት አለበት፤ የአደራ አበል ግን አይከፍልም፣ ልጁም በጥበቃው ሥር አይቆጠርም።

ብቻውን ለመጣ ስደተኛ ልጅ ይህን መንገድ አልመክርም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ቤትዎ አስቀድሞ ካለ ግን አይደብቁት። ለካውንስሉ ያሳውቁ፤ በዚያው ደብዳቤ ልጁ ወላጅም አሳዳጊም እንደሌለው ገልጸው በአንቀጽ 20 እንዲቀበሉትና እርስዎን እንዲያጸድቁ ይጠይቁ።

## 6. ገለልተኛ ጎብኚ

ክፍል ለሌለው ሰው የተተወ በር ነው። ከወላጆቹ ጋር እምብዛም ለማይገናኝ፣ በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ላለ ልጅ፣ ለእርሱ የሚበጅ ከሆነ ካውንስሉ ጎብኚ የመመደብ ግዴታ አለበት። ብዙውን ጊዜ በወር አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ኳስ ያያሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አብረው ይሄዳሉ። ደመወዝ የለውም፤ ወጪ ይተካል። ከደመወዝተኛ ባለሙያዎች መካከል ልጁ የሚያውቀው ብቸኛ ያልተከፈለው ሰው መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ጥቂት ሰው ያውቀዋል።

## በአንድ ዕይታ

| መንገድ | በካውንስሉ ጥበቃ ሥር ይቆያል? | የልጁ ዕድሜ | ክፍያ | ለመጀመር | ከ18 በኋላ በቤትዎ |
|---|---|---|---|---|---|
| የካውንስል አደራ ቤተሰብ | አዎ | እስከ 18 | አበል፣ ብዙ ጊዜ የሙያ ክፍያም | 6 ወር ገደማ | እስከ 21 በሕግ የተደገፈ |
| የኤጀንሲ አደራ ቤተሰብ | አዎ | እስከ 18 | ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ | 6 ወር ገደማ | እስከ 21 በሕግ የተደገፈ |
| ዘመድ፣ በካውንስሉ የጸደቀ | አዎ | እስከ 18 | እንደ ሌላው አሳዳጊ | ጊዜያዊው ፈጣን ነው | እስከ 21 በሕግ የተደገፈ |
| ዘመድ፣ ያለ ካውንስል | አይ | እስከ 18 | የለም | ወዲያው | ሁሉም በእርስዎ ላይ |
| አስተናጋጅ ቤት | አዎ | 16 እና 17 | እንደ ካውንስሉ | ከአደራው ያጠረ | ካውንስሉ ከተስማማ |
| የግል ስምምነት | አይ | ከ16 በታች | የለም | ማሳወቅ ግዴታ | ሁሉም በእርስዎ ላይ |
| ገለልተኛ ጎብኚ | አዎ | ማንኛውም | ወጪ ብቻ | አጭር ማጣሪያ | አይመለከተውም |

## አንድ ቋንቋ መናገር የሚያመጣው ጥቅምና ጣጣ

ካውንስሎች አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። እርስዎ ግን ቆም ብለው ያስቡ። «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ የተመዘገበው ልጅ አፍ የፈታው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ሊሆን ይችላል። ከአገሩ የሸሸው ከእርስዎ ወገን ነው ብሎ ከሚያስበው ሰው ሊሆን ይችላል። ኤርትራዊ ልጅ ደግሞ በአገሩ ሰው ፊት የሚናገረው ቃል ወደ ቤተሰቡ ጆሮ እንዳይደርስ ሊፈራ ይችላል። ከመምጣቱ በፊት ልጁ ራሱ፣ በገለልተኛ አስተርጓሚ በኩል፣ ይጠየቅ። እምቢ ካለ አይቀየሙ።

በየትኛውም መንገድ ቢገቡ በጥገኝነቱ ጉዳይ አስተርጓሚ አይሁኑ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ «እርስዎ አሉ፤ ለምን ሰው እንቀጥራለን?» ብትል በትሕትና እምቢ ይበሉ። ቃሉ ከሆም ኦፊስ ቃለ መጠይቅ ጋር ካልገጠመ ስሕተቱ የልጁ ወይስ የእርስዎ እንደሆነ የሚለየው የለም። ልጁ በእርስዎ ፊት ሊናገረው የማይፈልገው ነገርም ይኖረዋል።

የእርስዎ እውቀት ከማንም በላይ የሚያስፈልግበት ቦታ ግን አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። ኢትዮጵያዊ ልጅ «2001 ተወለድኩ» ካለና አስተርጓሚው ሳያሰላ ካሳለፈው፣ በሰነዱ ላይ የ2001 ልጅ ሆኖ ይገባል። በ2025 የ16 ዓመቱ ልጅ 24 ዓመት የሆነው ሰው ይሆናል፤ ከአዋቂዎች ጋር ሆቴል ይላካል። ኤርትራ ውስጥ ደግሞ መንግሥት የሚጠቀመው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው፤ ሰባትና ስምንት ዓመቱን በጅምላ ለሁሉም መደመርም ራሱን የቻለ ስሕተት ነው። ጃንዋሪ 1 የሚል የትውልድ ቀን ካዩ ብዙውን ጊዜ ቀኑ ባለመታወቁ የተሞላ መሆኑን ያስታውሱ። ስሕተቱን ሲያዩ ለልጁ ጠበቃና ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ዕድሜው አጠራጣሪ ሲሆን የዕድሜ ግምገማ የሚያደርጉት በተለምዶ ሁለት ማኅበራዊ ሠራተኞች ናቸው። በ2003 በመርተን ካውንስል ጉዳይ በተሰጠው ፍርድ መሠረት መልክና ቁመት ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም፤ ለልጁ የሚጠረጠርበት ነገር ተነግሮት መልስ የመስጠት ዕድል ማግኘት አለበት። አሳዳጊም ምን እንዳየ ይጠየቃል። እርስዎ በየቀኑ የሚሞሉት ማስታወሻ ያኔ ይገለጣል። ስለዚህ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፦ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከታናሽ ልጄ ጋር ጨዋታ ላይ ተጣልቶ በሩን ዘጋ»። «እንደ ትልቅ ሰው ብስል ነው» ብለው በአድናቆት የጻፉት ዓረፍተ ነገር ከስድስት ወር በኋላ በልጁ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

## እንደየቤቱ

ቋሚ የቀን ሥራ ያለው፣ አንድ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው በአስተናጋጅ ቤት ቢጀምር ይሻላል። ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ አደራ ቤተሰብነት ለመሸጋገር ማመልከት ይችላል፤ የያዘው ልጅም ከ18 በኋላ እስከ 21 ለመቆየት የተሻለ ዋስትና ያገኛል።

ከሁለቱ አንዱ ቤት የሚውልበት፣ በአንድ ሰው ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ ስድስት ወሩን ታግሶ የካውንስሉ አደራ ቤተሰብ ቢሆን ይመረጣል። ኤጀንሲን የምመክረው የሚኖሩበት ካውንስል ከ16 በታች ስደተኛ ልጆችን የማያስቀምጥ ከሆነ፣ ወይም የሌሊት ድጋፍ ግድ ለሚላቸው ነው።

ጡረታ የወጡ፣ ጤናቸው የማያስተማምን ወይም አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ገለልተኛ ጎብኚ ይሁኑ። የራሳቸው የጥገኝነት ጉዳይ ያላለቀላቸው ደግሞ ለአሳዳጊነት አሁን መጽደቅ ስለሚከብዳቸው፣ ከካውንስሉ ጋር ተነጋግረው በዚሁ ቢጀምሩ ይቀላል።

የሥጋ ዘመድ የሆነ ሰው ከእነዚህ የትኛውንም መምረጥ አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት በካውንስሉ በኩል መጽደቅ ብቻ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ አጎት ወይም አክስት ያለ አበል ሲወስድ በመጀመሪያው ወር የትምህርት ቤት ልብስ፣ በሁለተኛው ጫማና ስልክ፣ በሦስተኛው ወደ ጠበቃ ቢሮ የባቡር ቲኬት ይመጣል። ልጁ የስደተኛነት ፈቃድ ቢያገኝም በብሪታንያ ሕግ ወላጆቹን የመጥራት መብት የለውም፤ «ዓመት ብቻ ልያዘው፣ ከዚያ እናቱ ትመጣለች» ተብሎ የተጀመረ ነገር ብዙውን ጊዜ ከዓመት ያልፋል። ስለዚህ ለካውንስሉ የሚላከው ኢሜይል አጭር ይሁን፣ ልጁ ሳይመጣም ይላክ፦ የልጁ ስምና የተወለደበት ቀን፣ ዝምድናዎ፣ በአንቀጽ 20 እንዲቀበሉት ጥያቄ፣ ለ16 ሳምንት ጊዜያዊ ፈቃድ ማመልከቻ፣ አበሉ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር። የመልሱን ቅጂ ለልጁ ጠበቃም ይላኩ።